እጅ የለመደውና አእምሮ ያወቀው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው የተማረውን ነገር በሁለት ቦታ ያኖራል፤ ከፊሉን በእጁ፣ ከፊሉንም በአእምሮው። በእጁ ያኖረውን ልማድ እንለዋለን፤ በአእምሮው ያኖረውን ዕውቀት እንለዋለን። በአንድ ቤትና በአንድ መሣሪያ ብቻ ሲሠራ እስከ ኖረ ድረስ ሁለቱን ለይቶ ለማየት አይችልም፤ በአንድ ቀንበር እንደ ተጠመዱ በሬዎች አብረው ይሄዳሉና። ወደ ሌላ ቤት በገባ ቀን ግን ይለያያሉ። ልማዱ ከደጃፍ ይቀራል፤ ዕውቀቱ አብሮት ይገባል። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ሰው ልማዱ ስለ ቀረበት ዕውቀቱም የጠፋ ይመስለውና ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ልማዱን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ አዲሱን ቤት ሲነቅፍ፣ የቀድሞውን ሲያመሰግን ይውላል። ሥራው ግን በሁለቱም እጅ ሳይሠራ ይቀራል።

ይህ ሐሳብ ወደ እኔ የመጣው በጡረታ ዘመኔ፣ እዚሁ ጉኑኖ ላይ፣ ከአንድ እንግዳ ኮምፒዩተር ፊት ብዙ ምሽት በተቀመጥሁ ጊዜ ነው። ኮምፒዩተር የወጣቶች ነገር ነው፤ ሽማግሌ ስለ እሱ ምን ሊነግረን ነው እንዳትሉኝ። በዚያ መኪና ውስጥ የአንዲት ሴት የሙሉ ዓመት ድካም ተቀብሮ ስለ ነበር ነው የምጽፍላችሁ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። መምህሮቻችን ትእዛዝ ሲሰጡን ቃል በቃል መልሰን እንድንነግራቸው ያደርጉን ነበር፤ አንዲት ቃል የለወጠ ልጅ ከመነሻው እንደገና ይጀምራል። ያን ጊዜ ነገሩ ከብዶን ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፣ በ1986 ዓ.ም. ሶዶ ላይ በማስተምርበት ትምህርት ቤት አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር በስጦታ በመጣ ጊዜ፣ ያ ጥብቅ አስተማሪነት እንደ ጠቀመኝ አየሁ። የኮምፒዩተሩ አስተዳዳሪ ፕሮግራም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉት፣ ዶስ ይባል ነበር። ዶስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1981 የወጣ ነው። በጥቁር ማያ ላይ «ሲ» የምትል አንዲት ፊደል ታያላችሁ፤ ከአጠገቧ አንዲት ትንሽ ሰረዝ ብልጭ ድርግም እያለች ትጠብቃችኋለች፤ ከዚህ በቀር ሥዕል የለም፣ የሚጫኑት ነገርም የለም። የምትፈልጉትን በትክክለኛ ቃል ካልነገራችሁት አይፈጽመውም። «ዲር» ብላችሁ ስትጽፉ በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ይዘረዝራል፤ «ኮፒ» ስትሉት ይገለብጣል፤ «ዴል» ስትሉት ያጠፋል፤ «ታይፕ» ስትሉት የፋይሉን ጽሑፍ አውጥቶ ያሳያል። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል አይበልጥም፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት ይጨመርለታል። ባልንጀሮቼ መምህራን በግትርነቱ ይናደዱ ነበር። እኔ ግን የልጅነት መምህሮቼን አስታወሰኝና ወደድሁት።

በዚህ መኪና ሁለት ዓይነት ነገር እጽፍ ነበር። አንደኛው የተማሪዎች የውጤት መዝገብ ነው፤ እሱን በአማርኛ ጻፍሁት። ሁለተኛው ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰብሁት የወላይትኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው፤ ወላይትኛ በትምህርት ቤት በላቲን ፊደል መጻፍ የጀመረው በዚያው ዘመን ስለ ነበር እኔም በላቲን ጻፍሁት። ይህ የፊደል ልዩነት ያን ጊዜ ከቁም ነገር የሚቆጠር አልነበረም። ኋላ ግን ትልቅ ነገር ሆነ፤ ስለዚህ ምክንያቱን ጥቂት ላስረዳ።

የዚያ ዘመን ኮምፒዩተር በአንድ ጊዜ የሚያውቀው የምልክት ብዛት 256 ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም ገሚሱ ለእንግሊዝኛ ፊደል፣ ለአኃዝና ለሥርዓተ ነጥብ የተያዘ ነው። የእኛ ፊደል ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ያውም ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ስለዚህ በቀረው ቦታ አይገባም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩ የገጠማቸው ችግር ይህንኑ የሚመስል ነበር፤ በጥቂት መምቻ ብዙ ፊደል ማውጣት ነበረባቸውና ፊደሉን ከግንድና ከቅጥያ እንዲገጣጠም አደረጉት። የዶስ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎችም እንዲሁ የየራሳቸውን ብልሃት አበጁ። ዳሩ ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱ የምሥጢር ቁጥር ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈውን ሌላው ሊያነበው አይችልም። ይህ ችግር መፍትሔ ያገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ስምምነት በሦስተኛ እትሙ የግእዝን ፊደል በተቀበለ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በየትም አገር፣ በማንኛውም መኪና ቁጥሩ 4608 ነው። እናንተ ዛሬ በስልካችሁ አማርኛ ስትጻጻፉ የምትጠቀሙበት ይኸው ነው። የእኔ መዝገብ ግን ከዚያ በፊት የተጻፈ ነበር።

እንግዲህ ወደ እንግዳው ኮምፒዩተር ልምጣ። በ2014 ዓ.ም. የቀድሞው ኮምፒዩተሬ ጨርሶ አልነሣም አለ። በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድሜ ልጅ የተገለገለበትን ላፕቶፕ አመጣልኝ። በውስጡ ያለው ኡቡንቱ ነው። ኡቡንቱ በደቡባዊ አፍሪካ ቋንቋዎች ሰብአዊነት ማለት ሲሆን፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የወጣው በ2004 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መሠረቱ ሊኑክስ ነው፤ ሊኑክስንም ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ ፊንላንዳዊ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 ጀመረው። ተማሪ ሳለ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ልጁ የፋይሎቼን ቅጂ የያዘውን ፍላሽ ሰክቶ ሥዕሎቹን እየተጫነ አሳየኝ። «አጎቴ፣ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ መታ ማድረግ ብቻ ነው» አለኝ። የወላይትኛው ምሳሌያዊ አነጋገር ወዲያው ተከፈተ፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ አንዲት ፊደል አልጎደለበትም። መዝገቡ ሲከፈት ግን በአማርኛው ቦታ ነጥብ የተደረደረበት የፈረንጅ ፊደል፣ የግሪክ ምልክትና ባዶ ሣጥን ተዘባርቆ ወጣ። ልጁም አይቶ፣ «ይሄ ፋይል ተበላሽቷል፤ ይጣሉት» አለኝ። እኔም በዚህ መኪና ውስጥ ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ እንዳለ ጠየቅሁት። እሱ እምብዛም አይጠቀምበትም፤ ሆኖም ኮንትሮል፣ ኦልትና ቲ የሚባሉትን መምቻዎች በአንድነት ተጫነ። ጥቁር ማያ ወጣ፤ ሰረዟም ብልጭ ድርግም ትል ጀመር።

የምታውቁትን ሰው በሰው አገር ስታገኙት ልባችሁ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ዲር» ብዬ ጻፍሁ፤ ፋይሎቹን ዘረዘረልኝ። የአገሩ ሰዎች «ዲር» የሚሉትን «ኤል ኤስ» ይሉታል፤ ነገር ግን እንግዳው እንዳያፍር ብለው «ዲር»ንም አስቀምጠውለታል። (ዛሬ በዊንዶውስ ላይ ያለው ፓወርሼል የሚሉትም ሁለቱን ቃላት ይቀበላል።) ወደ ሌላ ማኅደር መግቢያው «ሲ ዲ» በሁለቱም አገር አንድ ነው። ይህ መመሳሰል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። የሊኑክስ አያት የሆነው ዩኒክስ በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የተጀመረ ነው፤ ዶስ በ1983 ሁለተኛ እትሙ ሲወጣ ማኅደርን በማኅደር ውስጥ የማኖርን ሥርዓት ከዩኒክስ ወሰደ። ዩኒክስ የማኅደሮቹን ስም በወደፊት ያዘመመ መስመር ይለያል፤ ዶስ ግን ያችን መስመር ለሌላ ጉዳይ አስቀድሞ ስለ ያዛት ወደ ኋላ ያዘመመችውን ወሰደ። ስለዚህ የዶስ ሰው ዩኒክስ ቤት ሲገባ ግድግዳው የሚያውቀው ነው፤ የበሩ መክፈቻ ግን በተቃራኒው ይዞራል።

እጄ የለመደው ነገር አንድ በአንድ ሲወድቅ ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው። በዶስ «ሲ ዲ» ከሚለው ቃል ጋር ሁለት ነጥብ አጣብቆ መጻፍ ይቻላል፤ እዚህ መካከሉ ካልተከፈተ አይሰማም። በዶስ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ነው፤ እዚህ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። በዶስ ኮከብ፣ ነጥብ፣ ኮከብ ብሎ መጻፍ «ሁሉንም» ማለት ነው፤ እዚህ «በስሙ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ብቻ» ማለት ነው፤ ነጥብ የሌለበት ፋይል ይቀራል። «ኤ» እና «ሲ» የሚባሉ የዲስክ ስሞች የሉም፤ ሁሉም ነገር ከአንድ ሥር እንደሚወጣ ዛፍ ነው፤ የሰካችሁት ፍላሽም ከዚያው ዛፍ ላይ እንደ አንድ ቅርንጫፍ ይበቅላል።

ይሁንና እንግዳ ቃል ሰውን እምብዛም አይጎዳውም። «አላውቀውም» ብሎ ይመልስልሃል፤ አንተም ትጠይቃለህ። የሚጎዳው የምታውቀው የሚመስልህ ቃል ነው። እኛ የወላይታ ልጆች ይህን በአንደኛ ክፍል እናውቀዋለን። በወላይትኛ «ኔ» ማለት አንተ ማለት ነው። አማርኛ ለመማር ስንገባ መምህሩ ደረቱን እየመታ «እኔ» ሲል፣ በጆሯችን የሚገባው «አንተ» የሚለው ነበር። ቃሉ እንግዳ ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳትን ነበር።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። በዶስ «ታይፕ» ማለት የፋይሉን ጽሑፍ አሳየኝ ማለት ነው። በሊኑክስም «ታይፕ» የሚባል ትእዛዝ አለ፤ የእሱ ሥራ ግን አንድ ትእዛዝ ከምን ወገን እንደ ሆነ መናገር ነው። ስለዚህ «ታይፕ» ብላችሁ የመዝገቡን ስም ብትጽፉለት «አልተገኘም» ይላችኋል። በዶስ «ፋይንድ» በፋይል ውስጥ ያለ ቃል ይፈልጋል፤ በሊኑክስ «ፋይንድ» ፋይሉን ራሱን ይፈልጋል፤ ቃል የሚፈልገው «ግሬፕ» ነው። የዶስ ሰው በለመደው መንገድ የተማሪውን ስም ሰጥቶ «ፋይንድ» ቢለው «እንደዚህ ያለ ፋይል የለም» የሚል መልስ ያገኛል። አስቡት እንግዲህ፤ መዝገቡ በፊታችሁ ተቀምጦ ሳለ ሁለት ጊዜ «የለም» ተባላችሁ። ልቡ የቸኮለ ሰው ያምነዋል፤ ፋይሉንም ይጥለዋል።

ለዚህ መድኃኒት የሆነኝ አንድ ሌላ ትእዛዝ ነው፤ ስሙም ደስ ይለኛል። ማኑዋል የሚለውን ቃል አሳጥረው «ማን» ይሉታል። «ማን ፋይንድ» ብላችሁ ስትጽፉ ስለ «ፋይንድ» የሚናገር ረጅም ገጽ ይከፈታል። አማርኛ ለሚያውቅ ጆሮ ግን ነገሩ «ፋይንድ ማን ነው?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። እኔም ልጁን፣ «በዚህ አገር የምታውቀው የሚመስልህን ሰው ስታገኝ አስቀድመህ ማን በለው» አልሁት፤ ሳቀ። እንግሊዝኛው ከበድ ይላል፤ ግን አንድ ገጽ በትዕግሥት ማንበብ አሥር ጊዜ ከመሞከር ያነሰ ጊዜ ይወስዳል።

ዕውቀቴ ሆኖ አብሮኝ የገባውንም ልናገር። ዋናውን ፋይል ከመንካቴ በፊት ቅጂ አደርጋለሁ፤ ሥራዬንም በቅጂው ላይ እሠራለሁ። ይህን የተማርሁት በዶስ ዘመን ነው፤ እዚህ ግን ይበልጥ አስፈለገ። ዶስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1991 በወጣው አምስተኛ እትሙ የጠፋ ፋይል መመለሻ «አንዲሊት» የሚባል ትእዛዝ ነበረው። የሊኑክስ ማጥፊያ «አር ኤም» ግን እንዲሁ ሲታዘዝ እርግጠኛ ነህን ብሎ አይጠይቅም፤ የሚመልስለትም ባልንጀራ የለውም። ሁለተኛው፣ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት በቀጥታ ለሌላው ማቀበል ነው፤ ሁለቱም አገሮች ይህን በቋሚ መስመር ምልክት ያደርጉታል፤ ስሙንም ቧንቧ ይሉታል። ሦስተኛው ስም የለውም። ማሽኑ የሚያሳየኝና በውስጡ ያለው ነገር አንድ እንዳልሆኑ ማወቅ ነው። ልጁ በማያው ላይ የተዘባረቀ ምልክት ሲያይ ፋይሉ የተበላሸ መሰለው። እኔ ከፊደሎቹ በታች ቁጥር እንዳለ፣ ቁጥሩም እንዳልተነካ አውቅ ነበር፤ የጠፋው ቁጥሩን ወደ ፊደል የሚመልሰው ሰው ብቻ ነው።

በወላይታ ታሪክም ይህን የሚመስል ነገር አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተጀመረው ዋዱ የተባለው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ከተጨናነቀው ደጋ ብዙ ገበሬዎችን በአበላ ቆላ አስፍሮ ነበር። የደጋ ሰው ቤቱን ሲሠራ ከጓሮው እንሰት ይተክላል፤ እጁ የለመደው ይህን ነው። የቆላው ሙቀት ግን ለእንሰት አይመችም። በዚያ በቆሎና ጥጥ መዝራት ግድ ነበር። አፈርን በመዳፍ ጨብጦ ማወቅ፣ የዝናብን ቀን መጠበቅ፣ ዘርን ከጥሬ ለይቶ ማኖር ግን ከደጋ ወደ ቆላ በእግሩ ወረደ።

አሁን ወደ ሴቲቱ ልመለስ። በ1989 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኋት ናት፤ ዛሬ በአንድ ጤና ጣቢያ ታገለግላለች። ከፍ ወዳለ ትምህርት ለመግባት የአራቱን ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ውጤት አምጪ ተባለች፤ የሦስቱ ተገኘ፣ የዘጠነኛ ክፍሉ ግን አልተገኘም። የትምህርት ቤቱ መዝገብ ቤት ጣራ አፍስሶ የዚያ ዓመት መዝገብ በውኃ ርሶ ነበር፤ በግራ በኩል ያለው የስም ረድፍ ቀለሙ ፈስሶ አይነበብም፤ በቀኝ በኩል ያለው ድምር ግን ይታያል። በጥቁር ማያው ላይ ስጽፍ ያየችው ትዝ ብሏት ኖሮ እስከ ጉኑኖ መጣች። «መምህር፣ ያን ጊዜ በኮምፒዩተር ይጽፉት የነበረው ምናልባት ይኖር ይሆን?» አለችኝ። የማመልከቻው ቀን ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

መዝገቡ አለ። የሚገርመው ግን ውጤቱ ሁሉ በግልጽ ይነበባል፤ አኃዝ በአሮጌውም በአዲሱም መኪና ቁጥሩ አንድ ነውና። የማይነበበው ስሙ ነው። ስልሳ የሚሆኑ ተማሪዎች ውጤት ባለቤት የሌለው ሆኖ ተደርድሯል። ከስሞቹም መካከል ሁለቱ መጀመሪያቸው በፍጹም አንድ ዓይነት ምልክት ነው፤ ማለት በክፍሉ አንድ ስም ያላቸው ሁለት ልጆች ነበሩ። የአንደኛዋ አማካይ ውጤት 84፣ የሁለተኛዋ 71 ነው። ልጁ ይህን ሲያይ፣ «አጎቴ፣ ነርስ የሆነችው ጎበዟ ትሆናለች፤ 84ቱን ይስጧት። ሌላዋ መቼ ትመጣና!» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊረዳት ፈልጎ ነው። እኔ ግን የተማሪ ውጤት ለሠላሳ ዓመት ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። «እንግዲያው ሌላዋ ስትመጣ ምን እንሰጣታለን?» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። አስቀድሜ «አይኮንቭ» በሚባል ትእዛዝ የዶስ ዘመን ምልክቶችን አዲሱ መኪና ወደሚያውቃቸው ምልክቶች መለስሁ፤ ይህ አማርኛ አያደርጋቸውም፤ ግን እያንዳንዱ ቁጥር የሚታይ መልክ ያገኛል። ቀጥሎ ቁልፍ ፈለግሁ። የመዝገቡን ርእስ እኔው ስለ ጻፍሁት በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ተራ ቁጥር፣ የተማሪው ስም፣ ጠቅላላ ድምር፣ አማካይ ውጤት፣ ደረጃ ይላል። በእነዚህ ቃላት ውስጥ የተለያዩ 23 ፊደላት አሉ። ምልክቶቹን ከቃላቱ ጋር ጎን ለጎን በወረቀት ስጽፋቸው የፕሮግራም ሠሪው ሐሳብ ተገለጠልኝ፤ «ረ» አንድ ምልክት ብቻ ነው፤ «ሪ»፣ «ራ» እና «ር» ግን ያንኑ ምልክት ይዘው ከኋላቸው አንዳንድ ቅጥያ አላቸው። በ«ላ»፣ በ«ማ» እና በ«ካ» ላይ ያለው ቅጥያ ከ«ራ» ቅጥያ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ እሱ የራብዕ ምልክት ነው። በ«ም»፣ በ«ስ» እና በ«ት» ላይ ያለውም የሳድስ ነው። ልጆች ሳለን ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያልን በዜማ የቆጠርነው ገበታ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ተዘርግቶ አገኘሁት።

የሁለቱ ልጆች የአባት ስም የሚለያየው በመጨረሻዋ ፊደል ብቻ ነበር፤ አንዱ በ«ና»፣ ሌላው በ«ኖ» ያልቃል። እሷ የ«ና» መሆኗን ነግራኛለች። በርእሱ ውስጥ ግን አንድም የሳብዕ ፊደል የለም። የ«ነ» ዘርም የለም። እነዚህን ከትምህርቶቹ ስም አወጣኋቸው። «ባዮሎጂ» ውስጥ «ሎ» አለ፤ የ«ለ»ን ግንድ ከ«ላ» ስለማውቅ ቀሪው የሳብዕ ቅጥያ ነው። «እንግሊዝኛ» ውስጥ «ን» አለ፤ የሳድስን ቅጥያ ሳነሣለት የ«ነ» ግንድ ቀረ። ከዚህ በኋላ «ና» እና «ኖ» ሊምታቱ አይችሉም።

ሠንጠረዡ ሲያልቅ «ሴድ» ለሚባለው ትእዛዝ አስረከብሁት፤ የሴድ ሥራ ይህን በዚያ ተካ ሲሉት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መተካት ነው። በዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያሻል፤ ባለ ቅጥያዎቹ ሁሉ አስቀድመው መተካት አለባቸው። «ረ» ብቻውን ከቀደመ የ«ራ»ን ግንድ ይበላና ቅጥያው ወላጅ እንደ ሞተበት ልጅ ብቻውን ይቀራል። ይህን ለልጁ ነግሬው ሠንጠረዡን እሱ ደረደረው፤ ጣቱ ከእኔ ይፈጥናል። መብራት በየመካከሉ እየጠፋ ስድስት ምሽት ፈጀብን። በስድስተኛው ምሽት «ግሬፕ» ብዬ ስሟን በአማርኛ ጻፍሁ፤ ሁለት መስመር ወጣ። በ«ና» ያለቀው 71 ነበር።

በማግስቱ ስልክ ደውዬ ስነግራት ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም፣ «ልክ ነው መምህር፤ ያን ዓመት እናቴ ታማ ብዙ ቀርቻለሁ። ፊዚክስ ወድቄአለሁ፤ እዚያ ላይ ተጽፏል?» አለችኝ። ተጽፏል፤ 46 ይላል።

የእኔ ፋይል በራሱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም፤ ማኅተም የለውም፤ እኔም ዛሬ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ አይደለሁም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ተማሪ ውጤት በእርሳስ ደምሬ ከድምሩ ጋር መስማማቱን ካረጋገጥሁ በኋላ አትሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ይዤ ሄድሁ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ የረሰውን ወረቀት አወጡ፤ ከላይ ወደ ታች ተራ በተራ አስተያየን። ወረቀቱ ድምሩን ይዟል፣ የእኔ ቅጂ ስሙን ይዟል፤ በስልሳውም መስመር ድምሮቹ አንድ ሆኑ። ማስረጃዋም ተጽፎ ቀኑ ሳይዘጋ ደረሰላት። ኃላፊው ቅጂውን እንድተውላቸው ለመኑኝና ተውሁላቸው፤ ከዚያ ወዲህ የዚያ ዓመት ሌሎች ተማሪዎችም መጥተው ወስደዋል። ባለ 84ዋም ከእነሱ አንዷ እንደ ሆነች ሰምቻለሁ።

የ1988 እና የ1990 ዓ.ም. መዝገቦች በዚያው ሠንጠረዥ ያለ ብዙ ድካም ተመለሱ። ወላይትኛው ምንም አላስቸገረም፤ በየመስመሩ ጫፍ አንዳንድ እንግዳ ምልክት ብቻ ነበረበት። ዶስ መስመር ሲጨርስ እንደ ጽሕፈት መኪና ሁለት ነገር ይጽፋል፤ አንዱ ጋሪውን ወደ መጀመሪያው መልስ፣ ሁለተኛው ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ ማለት ነው። ሊኑክስ በሁለተኛው ብቻ ስለሚረካ የመጀመሪያውን በአንድ ትእዛዝ አነሣሁለት። የ1992 ዓ.ም. መዝገብ ግን በሌላ ፕሮግራም የተጻፈ ነው፤ ቁጥሩም፣ ቅጥያውም ሌላ ነው። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሶዶ ሲመጣ አብረን እንቀመጥበታለን። እስከ አሁን «ጠቅላላ» የሚለውን ቃል አግኝተናል፤ ሁለቱ «ላ»ዎች ጎን ለጎን በመቀመጣቸው ታወቀ።